ሁለት ገጽ ታሪክ

ሰኞ ጧት አስጠሩኝ የወረዳው ሹም፣
የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተነሣም፤
«የእነወርጭን ታሪክ እስኪ ጻፍ ባጭሩ፣
ለበዓሉ መጽሔት፣ ሁለት ገጽ ነው ዳሩ።»

እኔ እንየው ነኝ፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው፣
ሠላሳ ሦስት ዓመት አቧራ ያሳለው፤
ባለጉዳይ ሁሉ ቢሮ ሲጠፋበት
በሳሌ ነው ደጁን የሚያገኝበት።

መሰላል አቁሜ ወጣሁ ወደ ቆጡ፣
ከአይጥ የተረፉ ሹሞች እንዲመጡ።

መጀመሪያ ወረደ፣ በጠፍር ታስሮ፣
የምስለኔው ደብተር፣ ደርቆ እንደ ከበሮ፤
ማር በጉንዶ ቁጥር፣ ገብሱ በቁና፣
የጭቃ ሹሙ አውራ ጣት ከግርጌው አለና
የራሴን ጣት ጫንሁበት፤ ልክ ሆነ፤ ደነገጥሁ፤
«ሹመቱ ነው እንጂ ጣቱስ አለኝ» አልሁ።

ቀጥሎ ያለው ፋይል ገመድ ገመድ ይሸታል፤
ስድሳ ዓመተ ምሕረት ከላዩ ተጽፏል።
ጮቄ ሥር ድረስ መጡ ባለ ገመዶች፣
ባለ ሦስት እግር መነጽር የያዙ ጎበዞች፤
«ርስት እንደ እናት ነው፤ እናቱን ማን ለካ?»
አለና ሰው ሁሉ ገባ ወደ ጫካ።
ዘገባው አጭር ነው፦ «ሥራው ተቋርጧል፤
መቶ ክንድ ገመድም ከቦታው ጠፍቷል።»
ያ ገመድ የት እንዳለ አገሩ ያውቀዋል፣
የነጓዴ ቤት ማገር ዛሬም ታስሮበታል።
ይህን ግን ለመጽሔት እንዴት ይጽፉታል?

ከሥር ያለው ሣጥን የማኅበሩ ነበር፣
ክብ ማኅተም ያለው፣ መሃሉ ላይ ሞፈር፤
ስብሰባ፣ ስብሰባ፣ አሁንም ስብሰባ፣
«ትናንት የቀረ ሰው በግ እየነዳ ይግባ።»
የማን በግ፣ ማን በላው፣ አልተመዘገበም፤
ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ሞራው አልለቀቀም።

ሰማንያ ዘጠኝ ደግሞ፣ ድልድል እንደገና፣
መሬቱ ሳይለጠጥ እጅ በዛና፤
ከዚያ አረንጓዴ ደብተር፣ ከዚያ ቆርቆሮ ቢሮ፣
ክረምት የማይሰማበት የባለጉዳይ እሮሮ።

ይህን ሳገላብጥ አንዲት ወረቀት አየሁ፣
በየዘመኑ ፋይል እሷኑ አገኘሁ፦
«አመልካች፣ እማዋይሽ ጓንጉል። ጉዳዩ፣ ጅረት።
ወሰናችን ጅረት ነው፤ ጅረቱ ግን ባንድ ክረምት
አልጋውን ለቅቆ ሄደና ከሾላው ወዲያ ማዶ
ሦስት ጥማድ ማሳዬን ለጎረቤት ሰጠው ወስዶ።
ውኃው ይጠየቅልኝ።»

ምስለኔው ከጥጉ ጻፈባት፦ «ይጣራ።»
ሊቀ መንበሩም ጻፈ፣ በቀይ፦ «ይጣራ።»
ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ መራ።
እማዋይሽ አለፈች። ልጇ አትጠገብ
ያንኑ ቃል ይዛ መጣች፣ ቀኑን ብቻ ለውጣ፤
ጅረቱም በበኩሉ ሁለቴ ገብቶ ወጣ።
ማኅተሙ አንበሳ፣ ሞፈር፣ ሌላም ሌላም፤
«ይጣራ» የሚሉት ሹም ግን ከወንበሩ አልተሻረም።

ማታውን ቁጭ አልሁና ሁለቱን ገጽ ጻፍሁ፤
በአንዱ የሹሞችን ስም በተራ ደረደርሁ፤
በሁለተኛው ላይ፣ አንዲት ነጥብ ሳልጨምር፣
ማመልከቻዋን ገለበጥሁ፣ ከዳር እስከ ዳር።

ረቡዕ ዕለት ሹሙ መነጽር አጠለቁ፣
አንደኛውን አንብበው፣ ስማቸውን አይተው ሳቁ፤
ሁለተኛውን ገጽ ዝም ብለው አዩና፣
ወዲያ ወዲህ አሉና፣ ብዕር አወጡና
ከጥጉ ላይ ጻፉ፦
«ይጣራ።»

ቁጥር ሰጥቼ ወደ ቆጡ መለስሁት።

ሐሙስ ገበያ ነው። ከደጅ፣ ዝናቡ መሐል፣
የላስቲክ ጫማ ድምፅ ከበር በር ይላል፤
አትጠገብ ናት መሰለኝ። ቢሮው ተቀይሯል፣
ማንም አልነገራትም።

ሳልሁ።
ጮኽ አድርጌ፣ ሁለቴ።